በውዱእ የምናጥበውን እግር እንመልከተው፦ የውስጥ እግር ሜላኖማ ምንነትና ሕክምና

 

በዚህ ዕትም የምንማማረው ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ሰምተነው ስለማናውቅ ካንሰር ነው። ስለ ቆዳ ካንሰር ሲነሣ አብዛኛው ሰው «እሱ የነጮች በሽታ ነው፤ እኛን ጥቁርነታችን ይጠብቀናል» ይላል። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን እውነት ያልሆነው ክፍል ሰው ይገድላል፤ ርዕሱን የመረጥነውም ለዚህ ነው። ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር የሚነሣ የቆዳ ካንሰር አለ። እኛ ጥቁሮች በሜላኖማ ስንያዝ በብዛት የሚይዘን በዚህ መልኩ ነው።

ጸሐፊዎቹ የምህንድስና ተማሪዎች ነን፤ ሐኪሞች አይደለንም። ይህ ትምህርት ሐኪም ዘንድ በጊዜ እንድትሄዱ እንጂ የሐኪምን ቦታ እንዲተካ የተጻፈ አይደለም።

1. ሜላኖማ ምንድን ነው?

ቆዳችን ቀለሙን የሚያገኘው ሜላኖሳይት ከሚባሉ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በላይኛው የቆዳ ንብርብር ግርጌ ተደርድረው ሜላኒን የተባለውን ቀለም ያመርታሉ፤ በዙሪያቸው ላሉ ሕዋሳትም ያድላሉ። የጠቆረ ሰውና የቀላ ሰው ያላቸው የሜላኖሳይት ብዛት ተቀራራቢ ነው። ልዩነታቸው የሚመረተው ሜላኒን መጠንና ዓይነት ላይ ነው። ሜላኒን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚያግድ ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ከሚመጣው ካንሰር በብዙው ይጠበቃል። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን በለጋ ዕድሜያቸው በፊታቸውና በአንገታቸው ላይ በቆዳ ካንሰር የሚጠቁት ይህ መከላከያ ስለሚጎድላቸው ነው።

ሜላኖማ የምንለው እነዚህ ቀለም አምራች ሕዋሳት ከቁጥጥር ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚፈጠረውን ካንሰር ነው። ብዙ ዓይነት አለው። ዛሬ የምናየው አክራል ሜላኖማ ይባላል፤ «አክራል» የአካል ጫፍን የሚያመለክት ከግሪክኛ የመጣ ቃል ነው። ይህን በሽታ ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ በ1976 እ.ኤ.አ. የገለጸው አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ሪድ ነው። በዓለም ላይ ከሚገኙት ሜላኖማዎች ሁሉ ከ100 ውስጥ ከ2 እስከ 3 የሚሆኑት ብቻ የዚህ ዓይነት ናቸው። በአፍሪካውያንና በእስያውያን ዘንድ ግን ከሜላኖማ ዓይነቶች ሁሉ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው ነው።

2. ለምን ውስጥ እግር?

የውስጥ እግር ቆዳ ወፍራም ነው፤ ወደ ምድር ስለሚመለከትም ፀሐይ አያገኘውም። ስለዚህ የዚህን ካንሰር መነሻ ከፀሐይ ጋር ማያያዝ አይቻልም። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ካንሰሩ በብዛት የሚገኘው የሰውነት ክብደት በሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በተረከዝና ከጣቶች በስተኋላ ባለው የእግር ክፍል ላይ እንደሆነ አሳይተዋል። የእግር መሐል ጎድጓዳ ክፍል ላይ ግን ጥቂት ነው። ይህም ዘወትር የሚደርስ ጫና በበሽታው መነሣት ላይ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ይጠቁማል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው በሽታ ሌላ ነው። የዝሆን እግር የምንለው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ የሚመጣውም ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ ነው። ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ መከላከል ይቻላል። አክራል ሜላኖማን ግን ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል ብለን አንናገርም። የባዶ እግር ኑሮ የሚያደርገው በሽታውን መደበቅ ነው።

ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከጌራ እስከ ማና ያሉትን ገበሬዎች እግር አስቡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት እግር በጭቃ ይውላል፤ እሾህ ይወጋዋል፤ ተረከዝ ይሰነጠቃል፤ በረባሶ ይልጠዋል። እንዲህ ባለ እግር ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብትወጣ ማን ልብ ይላታል? «እሾህ ወግቶኝ ነው»፣ «ድንጋይ መቶኝ ደም ቋጥሮ ነው» ተብላ ትታለፋለች። ከዓመት በኋላ ቁስል ትሆናለች። በቅጠል ትታሰራለች፤ በእሳት ትተኮሳለች። ወደ ሐኪም የሚኬደው በብሽሽት ላይ እብጠት ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሽታው ከእግር ወጥቷል ማለት ነው።

ይህ የሚደርሰው ባልተማረና በድሃ ሰው ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዓለም የታወቀው ጃማይካዊ ዘፋኝ ቦብ ማርሌይ የሞተው በዚሁ በሽታ ነው። እግር ኳስ መጫወት ይወድ ስለነበር በእግሩ አውራ ጣት ላይ የወጣው ቁስል መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ተደርጎ ታይቶ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. በጥፍሩ ሥር ሜላኖማ መሆኑ ታወቀ። ጣቱ እንዲቆረጥ ስላልፈለገ ጥፍሩና ቆዳው ብቻ ተነሣ። ካንሰሩ ወደ ሳንባውና ወደ አንጎሉ ተሰራጭቶ ግንቦት 1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ አረፈ። ገንዘብም ዝናም ነበረው፤ ያለፈው ጊዜ ግን አልተመለሰም።

3. በሕዋሱ ውስጥ ምን ይበላሻል?

በምናውቀው ነገር እንጀምር። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያየ ሰው የመፈልፈያውን ሞተር ያውቀዋል። ቁልፉ ሲጫን ኮንታክተሩ ይገጥማል፤ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ሞተሩ ይነሣል። ማጥፊያው ሲጫን ኮንታክተሩ ይለቃል፤ ሞተሩም ይቆማል። አሁን ኮንታክተሩ ግሎ ተጣበቀ እንበል። ማጥፊያውን ብትጫኑት ሞተሩ አይቆምም። ቡና ኖረም አልኖረም ይሽከረከራል።

በሜላኖሳይት ውስጥም ተመሳሳይ መስመር አለ። ከውጭ «ተባዛ» የሚል መልእክት ሲመጣ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያለው ኪት የተባለ ፕሮቲን ይቀበለዋል። ከዚያ መልእክቱ ኤንራስ፣ ቢራፍ፣ ሜክ እና ኤርክ በሚባሉ ፕሮቲኖች በተራ በተራ እየተላለፈ የሕዋሱ አስኳል ይደርሳል፤ ሕዋሱም ይከፈላል። ጤነኛ ሕዋስ ውስጥ መልእክቱ ሲቋረጥ መስመሩ ይዘጋል።

ካንሰር የሚጀምረው የእነዚህ ፕሮቲኖች መሥሪያ በሆነው ዲኤንኤ ላይ ስሕተት ሲፈጠር ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በብዙ ሜላኖማዎች ውስጥ የቢራፍ ጂን ተለውጦ አገኙት። በፕሮቲኑ 600ኛ ቦታ ላይ ቫሊን የተባለው አሚኖ አሲድ በግሉታሚክ አሲድ ተተክቷል። ይህች የአንድ ቦታ ለውጥ ቢራፍን እንደተጣበቀው ኮንታክተር ታደርገዋለች፤ መልእክት ባይመጣም «ተባዛ» ማለቱን አይተውም። ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ከሚነሡት ሜላኖማዎች ግማሽ ያህሉ ይህ ለውጥ አለባቸው።

የውስጥ እግሩ ሜላኖማ ግን በሁለት ነገር ይለያል።

አንደኛ፣ የቢራፍ ለውጥ በእሱ ላይ ያነሰ ነው፤ በአንጻሩ የመስመሩ መነሻ የሆነው ኪት ከሌሎቹ ሜላኖማዎች ይልቅ በእሱ ላይ ተበላሽቶ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ የብልሽቱ ዓይነት የተለየ ነው። ዲኤንኤን እንደ አንድ ሕንፃ የንድፍ ጥራዝ እንቁጠረው። የፀሐይ ጨረር በየገጹ ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነጠላ ፊደላትን ያበላሻል። በአክራል ሜላኖማ ውስጥ የተበላሹት ነጠላ ፊደላት ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ሙሉ ገጾች ተቀድደዋል፣ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ አንዳንዶቹም ደጋግመው ተባዝተዋል። ሳይክሊን ዲ1 የተባለውን የሕዋስ መክፈያ ፕሮቲን የያዘው ገጽ ሲባዛ ነዳጅ መስጫው ይረገጣል። ፒ16 የተባለውን ፕሮቲን የያዘው ገጽ ሲጠፋ ደግሞ ፍሬኑ ይበጠሳል።

ይህን ዝርዝር የምናነሣው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ወደ ሕክምናው ስንደርስ ከውጭ የምንሰማቸው አዳዲስ መድኃኒቶች ለውስጥ እግሩ ካንሰር ለምን እንደሌላው እንደማይሠሩ የሚያስረዳን ይኸው ነው።

4. በምን እናውቀዋለን?

አላህ (ሱ.ወ.) ነገሩን አንድ መንገድ አቅልሎልናል። የውስጥ እግራችንና መዳፋችን ከሌላው ገላችን ነጣ ይላል። ስለዚህ ጥቁር ነጥብ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ እዚያ ላይ ጎልቶ ይታያል። የሚመለከት ዓይን ብቻ ነው የሚፈልገው። እነዚህን ምልክቶች እንያዝ፦

ሀ) በውስጥ እግር ወይም በመዳፍ ላይ ያለ ነጥብ፦ አንዱ ጎኑ ከሌላው የማይመሳሰል፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ቀለሙ ጥቁር፣ ቡናማና ግራጫ የተቀላቀለበት፣ ወይም ወርዱ ከ6 ሚሊሜትር ያለፈ ከሆነ ሐኪም ይየው። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን መለወጥ ነው። ለሃያ ዓመት ባለበት የቆየ ነጥብ እና በስድስት ወር ውስጥ እጥፍ የሆነ ነጥብ አንድ አይደሉም።

ለ) በጥፍር ላይ ያለ ጥቁር መስመር፦ በጥቁር ሰው በብዙ ጥፍሮች ላይ ቀጫጭን መስመር መኖሩ የተለመደና ጤናማ ነው፤ አትደንግጡ። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ ከ3 ሚሊሜትር ያለፈ፣ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ የፈሰሰ መስመር ግን ያሠጋል። በአውራ ጣት ላይ ሲሆን ይበልጥ ይታሰብበት።

ሐ) የማይድን ቁስል፦ አንዳንዱ ሜላኖማ ጭራሽ ጥቁር አይደለም፤ ቀላ ያለ ሥጋ ወይም ቁስል መስሎ ይወጣል። በእግር ላይ ያለ ቁስል ንጽሕናው ተጠብቆ በአንድ ወር ካልዳነ «እሾህ ነው» ማለት ይቁም።

እህቶቻችንን በተለይ የምናስታውሳቸው ነገር አለ። ለዒድና ለኒካሕ ሂና ወይም እንሶስላ በውስጥ እግርና በጥፍር ላይ ሲቀባ ከሥሩ ያለውን ነጥብ ለሳምንታት ይሸፍነዋል። ሂናው ራሱ ይህን ካንሰር አያመጣም። ከመቀባታችሁ በፊት ግን እግራችሁንና ጥፍራችሁን አንድ ጊዜ በብርሃን ተመልከቱ፤ የእናቶቻችሁንም ተመልከቱላቸው።

5. ሕክምናው

የመጀመሪያው እርምጃ ናሙና መውሰድ ነው። ሐኪሙ የሚያጠራጥረውን ነጥብ በማደንዘዣ ቆርጦ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ይልካል፤ እዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ በጣም አስፈላጊው ቁጥር ወደ ታች የጠለቀበት ውፍረት ነው። ይህ አለካክ በ1970 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሐኪም ስም የብሬስሎ ውፍረት ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊሜትር ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚወስን ተመልከቱ። ካንሰሩ ከ1 ሚሊሜትር ሳያልፍ ከተገኘ በዙሪያው 1 ሴንቲሜትር ጤነኛ ቆዳ ተጨምሮ ይቆረጣል፤ አብዛኞቹ ታማሚዎችም በዚሁ ይድናሉ። ከ2 ሚሊሜትር ካለፈ 2 ሴንቲሜትር ተጨምሮ ይቆረጣል፤ በብሽሽት ያሉት ንፍፊቶችም መታየት አለባቸው። በጥፍር ሥር ከሆነ የጣቱ ጫፍ ወይም ጣቱ ሊቆረጥ ይችላል። ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል ከተሰራጨ ግን ቀዶ ሕክምና ብቻውን አያድንም።

ለተሰራጨው በሽታ ለብዙ ዓመታት የነበረው መድኃኒት በ1975 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ዳካርባዚን የተባለ ኬሞቴራፒ ነበር። የሚጠቅመው ለጥቂቶች ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ሁለት አዳዲስ መንገዶች ተከፍተዋል።

የመጀመሪያው የተጣበቀውን ኮንታክተር በቀጥታ መያዝ ነው። ቬሙራፌኒብ የተለወጠውን ቢራፍ ያግዳል፤ ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ አብረው ሲሰጡ ቢራፍንና ሜክን በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ። ኪት ለተበላሸባቸው አንዳንድ ታማሚዎች ደግሞ ለደም ካንሰር የተሠራው ኢማቲኒብ ይረዳል። ችግሩ ካንሰሩ ከጊዜ በኋላ ሌላ መስመር ቀጥሎ የተዘጋውን ማለፉ ነው። በውስጥ እግር ሜላኖማ ላይ ደግሞ የቢራፍ ለውጥ ያነሰ ስለሆነ መድኃኒቱ የሚስማማቸው ሰዎች ከጅምሩ ጥቂት ናቸው።

ሁለተኛው የሰውነትን መከላከያ ሕዋሳት ማስነሣት ነው። እነዚህ ሕዋሳት የራሳችንን አካል እንዳያጠቁ ፍሬን አላቸው፤ ካንሰር ይህን ፍሬን ይረግጥባቸዋል። ፍሬኑን የሚለቁ መድኃኒቶች ኢፒሊሙማብ በ2011፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 እ.ኤ.አ. ተፈቀዱ። የፍሬኑን አሠራር በመግለጥ መንገዱን የከፈቱት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ቀድሞ ተስፋ ያልነበራቸው ብዙ ታማሚዎች ለዓመታት መኖር ችለዋል። ነገር ግን መከላከያ ሕዋሳት ካንሰሩን የሚለዩት በተበላሹት ፕሮቲኖቹ ነው። በውስጥ እግሩ ካንሰር ላይ የተበላሹት ነጠላ ፊደላት ጥቂት መሆናቸውን ቀደም ብለን አይተናል። የሚለዩበት ምልክት ስለሚያንስም ውጤቱ ከሌሎቹ ሜላኖማዎች ዝቅ ይላል።

እነዚህ መድኃኒቶች እጅግ ውድ ናቸው፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ታማሚም አያገኛቸውም። ስለዚህ ለእኛ የዚህ በሽታ ዋነኛ መድኃኒት በጊዜ መቁረጥ ነው። ይህ ደግሞ እዚሁ አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የቆዳ ሐኪም፣ ቀዶ ሐኪምና የፓቶሎጂ ክፍል አለው። ቀድሞ ለጨረር ሕክምና ሰው ሁሉ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሄዶ ወረፋ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ጨረሩ ጅማም ተጀምሯል። ሜላኖማን ግን ጨረር በቀላሉ አያሸንፈውም፤ በአብዛኛው የሚያገለግለው ወደ አጥንትና ወደ አንጎል የደረሰውን ሕመም ለማስታገስ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይዞ ይምጣ።

6. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

«ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል ይባላል፤ እውነት ነው?» አይደለም። ይህ አባባል የተወለደው ሰዎች ዘግይተው ከመሄዳቸው ነው። በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ሳለ ተቆርጦ ታማሚው ሲሞት ቢላው ይከሰሳል። ይልቅ ነጥቡን መተኮስ ወይም የሚያቃጥል መድኃኒት መቀባት ነው አደገኛው፤ ላዩ የዳነ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ይቀጥላል፣ ለምርመራም ያስቸግራል።

«ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?» አይተላለፍም። በመስጂድ ምንጣፍ፣ በውዱእ ቦታ ወይም በጫማ አይተላለፍም። የታመመን ሰው ከሶፍ ማራቅ በደል ነው።

«መታከም ተወኩልን ይቃረናል?» ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ መታከም ሲጠየቁ እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ ለበሽታ መድኃኒት ማውረዱንም አስተምረዋል። ሰበቡን ማድረስ የእኛ ነው፤ ሽፋእ የአላህ ነው።

«ጣቴ ቢቆረጥ ውዱኤ እንዴት ይሆናል?» ከሚታጠበው አካል የቀረውን ማጠብ ይበቃል። ቁስሉ በፋሻ ታስሮ ውሃ የሚጎዳው ከሆነ በፋሻው ላይ ማበስ ተፈቅዷል። ዝርዝሩን ዑለማዎቻችንን ጠይቁ። አካላችን አማና ነው፤ አንድ ጣት ሰጥቶ ሕይወትን ማትረፍ አማናን መጠበቅ እንጂ ማጉደል አይደለም።

7. ምን እናድርግ?

በቀን አምስት ጊዜ እግሩን የሚያጥብ፣ በጣቶቹ መሐል ውሃ የሚያደርስ ሕዝብ ነን። በዓለም ላይ እግሩን እንደ እኛ ደጋግሞ የሚነካ ሰው ጥቂት ነው። የሚቀረን ማየት ብቻ ነው። በወር አንድ ጁሙዓ ጥፍራችንን ስንቆርጥ የሁለቱን እግር ውስጥ፣ ተረከዝና የጣቶቹን መሐል በብርሃን እንመልከት። ማየት ካልቻልን የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ይይልን። አጠራጣሪ ነጥብ ካለ አጠገቡ ማስመሪያ አድርገን በስልክ ፎቶ እናንሣው። ከላይ ያልናቸው ምልክቶች ካሉት ሳንጠብቅ ወደ ሐኪም እንሂድ፤ ከሌሉት ደግሞ ከወር በኋላ ከፎቶው ጋር እናስተያየው።

ይህ በሽታ በብዛት የሚይዘው በዕድሜ የገፉትን ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ ሸቤ ስንመለስ የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን እግር እንጠባቸው፤ እያጠብንም እንያቸው። በዩኒቨርሲቲያችን ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት በየቀበሌው የምንሰማራ ተማሪዎችም ስለ ዝሆን እግር ስናስተምር ይህንን በሁለት ደቂቃ እንጨምር፣ በአፋን ኦሮሞም እናስረዳ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1) ጥቁር ቆዳ በፀሐይ ከሚመጣው ካንሰር የሚጠብቀው እንዴት ነው? ከውስጥ እግሩ ካንሰር የማይጠብቀውስ ለምንድን ነው?
2) የቢራፍ 600ኛ ቦታ ሲለወጥ በሕዋሱ መስመር ላይ ምን ይሆናል?
3) መከላከያ ሕዋሳትን የሚያስነሡት መድኃኒቶች በአክራል ሜላኖማ ላይ ለምን ይደክማሉ?
4) በብዙ ጥፍር ላይ ያለ ቀጭን መስመርና በአንድ ጥፍር ላይ ያለ ሰፊ መስመር በምን ይለያያሉ?
5) በሠፈራችሁ የእግር ቁስል ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነው? ያንን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ማን ቢነግረው ይሰማል?

አላህ የተማርነውን የምንጠቀምበትና የምናስተላልፈው ያድርገን፤ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን። ኣሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።